ስለ ድንግል ጎልማሶች በስሕተት የሚነገሩ ነገሮች

አንባቢ ሆይ፥ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ሰው በአደባባይ የማይናገረው፥ በጓዳና በመሸታ ቤት ግን እጅግ የሚያወራው ነገር ነው። ይኸውም ለአካለ መጠን ደርሶ፥ ሠላሳም አርባም ዓመት ሞልቶት ሳለ፥ ሴትን ስላላወቀ ወንድና ወንድን ስላላወቀች ሴት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሰፈርህ አለ፤ በመሥሪያ ቤትህ አለ፤ ምናልባትም በቤትህ አለ፤ ወይም አንተ ራስህ ነህ። ስለ እርሱ የሚባለው ግን አብዛኛው እውነት አይደለም። ሐሰት ደግሞ ያለ ጉዳት አያልፍም፤ አንዱን በኀፍረት አንገቱን ያስደፋል፥ ሁለተኛውን ወደ ጠንቋይ ቤት ይነዳል፥ ሦስተኛዋን ወደማትወደው ጋብቻ ይጥላታል። ስለዚህ የሚባለውን ቃል አንድ በአንድ አንሥተን እንመዝነው።

ስለ ስፍራው

ነገሩን ከቂርቆስና ከካዛንቺስ መጀመራችን በከንቱ አይደለም። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ይጠራል። በአገራችን ትውፊት ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር መከራን የተቀበለ ሰማዕት ነው። ሚስት አላገባም፥ ልጅ አልወለደም፤ ነገር ግን ስለዚህ ጎደሎ ሰው ነበረ የሚል ማንም የለም።

በዚያው ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት ስሙ ሲያጥር «ኢንቺስ» ይባል ነበርና፥ የኢንቺስ ቤቶች መባሉ በሕዝብ አፍ «ካዛንቺስ» ሆኖ ቀረ። ኋላም በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ከተመረቀ በኋላ ሰፈሩ እየደመቀ ሄደ፤ መሥሪያ ቤቱ፥ ሆቴሉ፥ መሸታ ቤቱም በዛ። በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ፥ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ዳሩ ግን ቤት ሲፈርስ ወሬ አብሮ አይፈርስም። ቀን በቢሮ አብረው የሠሩ ሰዎች ማታ በመሸታ ቤት ተቀምጠው ማን ወንድ እንደ ሆነ፥ ማንስ እንዳልሆነ የፈረዱት ፍርድ ከሰዎቹ ጋር ወደ አዲሱ ሰፈር ሄዷል።

አንደኛው ስሕተት፤ «በሽታ ቢኖርበት ነው» ማለት

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚለው ይህን ነው። ነገር ግን አለማድረግና አለመቻል አንድ አይደሉም። የሚጾም ሰው ሆድ የለውም ይባላልን? ዝም ያለስ ሰው ዲዳ ነው ይባላልን? የአካል ድካም ያለበት ሰው መኖሩ እውነት ነው፤ ይህ ግን ያገባውንም ያላገባውንም የሚያገኝ ሕመም ስለ ሆነ ሐኪም ያየዋል እንጂ ጎረቤት አይፈርድበትም።

ደግሞም «ሰው ከዚህ ነገር ሲታቀብ ደሙ ይታወካል፥ አእምሮው ይነካል» የሚሉ አሉ። የሕክምና ትምህርት ይህን አያስተምርም። ከሩካቤ በመታቀብ ብቻ ያበደ ወይም የሞተ ሰው የለም። በ1842 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሪጎኒ ስተርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም በቬሮና ከተማ የሟቾችን መዝገብ መርምሮ፥ የማኅፀን በር ካንሰር በመነኮሳይያት ዘንድ እጅግ ጥቂት ሆኖ፥ የጡት ካንሰር ግን በዝቶ አገኘ። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ፤ የፊተኛው በሽታ በሩካቤ በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣ ነው፥ ሁለተኛው ደግሞ ባልወለዱ ሴቶች ላይ ጥቂት ይበረታል። ከዚህ የምንማረው ድንግልና መድኃኒትም መርዝም አለመሆኑን ነው። አካል እንደ ኑሮው ልዩ ልዩ ነገር ያገኘዋል፤ ያገባም ያላገባም ሐኪሙን መጠየቅ ይገባዋል።

ምኞቱ ራሱ የሌላቸው ሰዎችም አሉ። ቦጋርት የተባለ መምህር በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ18,000 በላይ እንግሊዛውያን የመለሱትን መልስ መርምሮ፥ ከ100 ሰዎች 1 ያህሉ ለወንድም ሆነ ለሴት እንዲህ ያለ መሳብ ተሰምቷቸው እንደማያውቅ መናገራቸውን ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ይሠራሉ፥ ይስቃሉ፥ ወዳጅም ያፈራሉ። ምኞት ከሰው ሰው ይለያያልና የአንዱን ልክ በሌላው ላይ መስፈር ትክክል አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት፤ «ዓይነ ጥላ ነው፥ የዛር ባል አለባት» ማለት

አንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት ሞልቷት ሳታገባ ስትቀር ዘመዶቿ ተሰብስበው የሚመክሩት ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ዓይነ ጥላ ጋርዷታል፥ መንፈስ ባል ሆኗታል፥ ወይም ሰው መተት አድርጎባታል ይሏታል። ከዚያም ለክታብና ለመፍትሔ ገንዘብ ይወጣል። ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ምንም ባይለወጥ «መንፈሱ በርትቷል» ተብሎ ሌላ ገንዘብ ይጠየቃል። እርሷም ከዚያ ወዲያ ስትስቅም ስታዝንም በመንፈስ እየተተረጎመባት ትኖራለች።

እንግዲህ ከሰማይና ከምድር ሚስጥር አስቀድመን የሚታየውን ምክንያት እንይ። ይህች ሴት ትምህርቷን ስትጨርስ ሃያ አራት ዓመት ሆኗት ይሆናል። አባቷ ሞቶ ታናናሾቿን ያስተማረች እርሷ ትሆናለች። ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ለቤተሰብ ገንዘብ ስትልክ ወጣትነቷ አልፎ ይሆናል። ሐዘን ደርሶባት፥ ወይም በልጅነቷ ግፍ ተፈጽሞባት ወንድን ፈርታ ይሆናል። ዓይን አፋርም ትሆናለች፤ በሃይማኖቷ ጸንታ እስከ ጋብቻ ድረስ ለመቆየት ቆርጣም ይሆናል። የሚስማማትን አለማግኘቷም ይሆናል፤ ይህም ነውር አይደለም። ለወንዱም እንዲሁ ነው። የቤት ኪራይ ከደመወዙ የሚበልጥበት፥ ለሠርግ ድግስ ብድር የሚያስፈራው ሰው በከተማችን ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ ክታብ የማይፈታቸው፥ ሰው ግን በመረዳዳት የሚያቀልላቸው ምክንያቶች ናቸው።

ሦስተኛው ስሕተት፤ «ከእርሱ በቀር ሁሉ አውቋል» ማለት

ጎልማሳውን ከሁሉ ይልቅ የሚያቈስለው ይህ ነው። እርሱ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል። እስቲ ቍጥሩን እንይ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ከ25 እስከ 59 ዓመት ካሉት ወንዶች እኩሌታዎቹ ሴትን ያወቁት 21 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው። ከ25 እስከ 49 ዓመት ባሉት ሴቶች ዘንድ መካከለኛው ዕድሜ 16 ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነበረ፤ ይህ ግን በብዙ ስፍራ ሴት ልጅ በልጅነቷ ስለምትዳር ነው እንጂ ፈቅዳ ስለ መረጠችው አይደለም። በአዲስ አበባ ሴቶች ከገጠሩ ብዙ ዓመት ዘግይተው ያገባሉ።

በሌላ አገርም እንዲሁ ነው። በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጃፓን መንግሥት ተቋም ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉትን ያላገቡ ሰዎች ጠይቆ፥ ከወንዶቹ 42 ከመቶ፥ ከሴቶቹ 44 ከመቶ ያህሉ ከማንም ጋር እንዳልተገናኙ አገኘ። እነዚህ ሁሉ መተተኛ አሠረባቸው ልንል አንችልም። እውነቱ ይህ ነው፤ ያወቀው ይፎክራል፥ ያላወቀው ዝም ይላል፤ ስለዚህ የሚሰማው የፎካሪው ድምፅ ብቻ ነው። ከፎካሪዎቹም መካከል ያላደረገውን አድርጌአለሁ የሚል ስንት አለ!

አራተኛው ስሕተት፤ «ገና ልጅ ነው፥ ምክር አይችልም» ማለት

በሽምግልና ጉባኤ «ያላገባ ሰው ምን ያውቃል?» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ሰው ጎልማሳ የሚሆነው ግን በምንድር ነው? እናቱን የጦረ፥ በዕድር ተመዝግቦ ለለቅሶ ድንኳን የተከለ፥ የተሰጠውን ገንዘብ በታማኝነት የጠበቀ፥ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ልጅ ይባላልን? ሦስት ሚስት ፈትቶ ልጆቹን የማይቀልብስ ጎልማሳ ይባላልን?

የዓለምን ታሪክ ብትመለከት ስበት በምን ሕግ እንደሚሠራ የገለጠው አይዛክ ኒውተን በ1727 ሲሞት ሚስት አልነበረውም። ስለ ግብረ ገብ ሕግ እጅግ ጠልቆ የጻፈው አማኑኤል ካንት በ1804 ያረፈው ሳያገባ ነው። በክሪሚያ ጦርነት ቍስለኞችን ያስታመመችውና የነርስነትን ሥራ በሥርዓት ያቆመችው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ባል ሳታገባ 90 ዓመት ኖራለች። የልባቸውን ምስጢር እኛ አንመረምርም፤ ጋብቻ አለማድረጋቸው ግን ከማስተዋልም ከመልካም ሥራም እንዳልከለከላቸው እናያለን። በመጽሐፍም ነቢዩ ኤርምያስ ሚስት እንዳያገባ ታዝዞ ነበረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ሳያገባ ኖሮ ላገቡትም ላላገቡትም መክሯል። ማንም ምክሩን «አላገባህም» ብሎ አልጣለበትም።

አምስተኛው ስሕተት፤ «ድንግል ሁሉ ቅዱስ ነው» ማለት

አንባቢ ሆይ፥ እስከ አሁን የሚንቁትን ተናገርን፤ አሁን ደግሞ ያለ ልክ የሚያከብሩትን እንናገር። በአገራችን የሙሽራይቱን ድንግልና «ብር አምባር» ብሎ የመጥራት፥ ከጫጉላው ሌሊት በኋላም የደም ምልክት በጨርቅ የማሳየት ልማድ ነበረ። ምልክቱ ያልታየባት ሙሽራ ተዋርዳ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ልማድ በሐሰት ላይ የቆመ ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአንድ ቃል እንዳስታወቁት፥ የሴት ልጅን አካል በመመርመር ወንድ ማወቋንና አለማወቋን መለየት አይቻልም፤ ምርመራውም ሊቀር ይገባዋል። ብዙ ሴቶች በተፈጥሮ ደም አይታይባቸውም። እንግዲህ ስንት ንጽሕት በሐሰት ምስክር ተፈረደባት!

ከዚህ የሚብስ ደግሞ አለ። በግፍ የተደፈረችን ልጅ «ክብሯን አጣች» ይሏታል። የተሰረቀ ሰው ሌባ አይባልም፤ የተደፈረችም ሴት ረከሰች አትባልም። ግፉ የሠራው ሰው ነው እንጂ የእርሷ አይደለም። ለወንድ ልጅም ነገሩ ይኸው ነው።

ራሱን በድንግልናው የሚያመጻድቅ ሰውም ካለ፥ በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ያለውን ምሳሌ ያስብ። ዐሥሩም ደናግል ነበሩ፤ አምስቱ ግን በር ተዘጋባቸው፥ ዘይት አልነበራቸውምና። ሰውን ሳያውቁ መኖር ብቻውን ሐሜትን፥ ስስትን፥ ጭካኔን አያስቀርም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለደናግል ተክሊልን መስጠቷ ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብሩ ሌላውን ለመናቅ የተሰጠ አይደለም። ያላገባውን ሁሉ «መንኩስ እንግዲህ» ማለትም ስሕተት ነው፤ ምንኩስና የሚጠራበት ሰው አለውና፥ ባል ወይም ሚስት ያጣ ሁሉ የሚጣልበት ጓዳ አይደለም።

ስድስተኛው ስሕተት፤ «አስቀድሞ ይለማመድ፥ አለዚያ ጊዜው ያልፍበታል» ማለት

እስቲ አንድ ሰው በልብህ አስብ። ዕድሜው 33 ዓመት ነው፤ በካዛንቺስ ባለ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ እናቱንና ሁለት ታናናሾቹን ይረዳል። ደመወዝ በተቀበሉበት ማታ ባልንጀሮቹ ወደ መሸታ ቤት ይወስዱታል። ይስቁበታል፤ በመጨረሻም ገንዘብ አዋጥተው ለአንዲት ሴት ይከፍሉና «ዛሬ ወንድ ሁን» ይሉታል። እርሱ አይፈልግም፤ ነገር ግን ነገ በቢሮ የሚሳቅበትን ሳቅ ፈርቶ ይገባል። ያች ሌሊት ምን ሰጠችው? ፍቅርን አላስተማረችውም፥ መግዛትን ነው እንጂ። ያችም ሴት እኅት ናት፤ ችግር እንጂ ፈቃዷ እዚያ አላቆማትም፤ የሁለት ሰው ኀፍረት በአንድ ክፍል ተገናኘ። በአገራችን የኤድስ በሽተኞች መጀመሪያ የታወቁት በ1986 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ «አንድ ማታ ብቻ ነው» ተብሎ ስንት ቤት እንደ ተዘጋ የከተማው ሰው ያውቃል።

ትዳር የሚፈልገው ልምምድ ሌላ ነው። መታገሥ፥ እውነት መናገር፥ ቍጣን መግታት፥ የሌላውን ሕመም ማስተዋል ነው። ይህን ደግሞ ሰው ከእናቱ፥ ከእኅቱ፥ ከባልንጀራው፥ ከሥራው ይማረዋል። የአካሉ ነገር ሁለት ሰዎች እየተዋደዱ አብረው የሚማሩት ነው፤ ለእያንዳንዱም ጥንድ አዲስ ነው።

ለሴቲቱ ደግሞ «ቆመሽ ቀረሽ» ይሏታል፤ «ቁሞ ቀር» የሚለው ስድብ ከዚህ ወጣ። በዚህ ቃል የተነዳች ስንት ሴት ለማታውቀው ሰው እጇን ሰጠች! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በ1987 ዓ.ም. የታወጀው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ያዝዛል፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጓል። ሕጉ «ከዚህ ዕድሜ በፊት አይሁን» አለ እንጂ «ከዚህ ዕድሜ አይለፍ» አላለም።

ምክር

አንተ ዘመድ የሆንህ፥ በበዓል ቀን በሰው ፊት «መቼ ነው ጠጅ የምታጠጣን?» ብለህ አትጠይቅ። አንተ እንደ ጨዋታ የምትናገረውን ቃል እርሱ ሌሊቱን ሁሉ ያላምጠዋል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና። ልትረዳው ብትወድ ብቻውን አግኝተህ «እንዴት ነህ?» በለው፤ ከዚያም ስማው። ካልነገረህ ዝም በል።

አንተ ባልንጀራ የሆንህ፥ የሰውን ምስጢር ለሳቅ አትሽጥ። የነገረህን ነገር በጉያህ ያዘው።

አንተ ደግሞ፥ አንቺም እኅቴ፥ ይህ ነገር የደረሰባችሁ፥ አንገታችሁን አትድፉ። ለጠየቀ ሁሉ መልስ የመስጠት ዕዳ የለባችሁም፤ «ይህ የእኔ ነገር ነው» ማለት ይበቃል። ምኞቱ ከሌላችሁ በሰላም ኑሩ። ትዳር የምትፈልጉ ብትሆኑ ደግሞ መፈለጋችሁን አትፈሩ፤ ለታመነ ሰው ተናገሩ፥ ሰው ወዳለበት ውጡ፥ ከቤትና ከቢሮ ሌላ ወዳጅነት አብጁ። የሚያገባችሁን ሰው ባገኛችሁ ጊዜ እውነቱን በጊዜው ንገሩት፤ በዚህ የሚስቅባችሁ ሰው ቢሆን ከሠርጉ በፊት ማወቃችሁ ትርፍ ነው። ሁለታችሁም ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ተመርመሩ። ፍርሃቱ ወይም ያለፈው ቍስል ቢበረታባችሁ፥ ለዚህ የተማረ ሐኪም ማማከር ነውር አይደለም። ብቸኝነትም ቢከብዳችሁ አትደብቁት፤ ብቸኝነት እውነተኛ ሕመም ነው፥ መድኃኒቱ ግን አንድ ሌሊት አይደለም፥ ወዳጅ ነው።

አንባቢው ራሱን የሚጠይቅበት

1. ባለፈው ዓመት ስለ አንድ ያላገባ ሰው የተናገርሁት ቃል ምን ነበረ? እርሱ ቢሰማው ምን ይለኝ ነበር?

2. ሰውን ሙሉ ሰው የሚያደርገው ምንድር ነው ብዬ አምናለሁ? በምበላውና በምጠጣው ማዕድ ዙሪያ የምናገረውስ ከዚያ ጋር ይስማማልን?

3. በቤቴ ያለች ልጅ ወይም ያለ ልጅ ነገ ወደ እኔ መጥቶ ምስጢሩን ቢነግረኝ፥ የምመልስለት የመጀመሪያ ቃል ምን ይሆናል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ዛሬ መልሰው፤ ልጁ በመጣ ጊዜ የምታስብበት ፋታ አታገኝምና።